ድንኳን የማይጣልለት ሐዘን

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ቤት ቡና ላይ ነበርን። አቦሉ ሲጠጣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት አወራን። ቶናው ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ» አለችኝ። «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። ሐሳቡ አልቆም አለኝ።»

«አይዞሽ፣ ሐሳብ አታብዢ፣ ሁሉም ያልፋል» አልኳት። ከልቤ ነበር። እሷም «እሱስ ነው» ብላ ስኒውን አነሳች። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። በረካውን ጠጥተን ተለያየን።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። ሁለት ወር ሙሉ «ሆድ ይፍጀው» ብላ የያዘችውን ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት፣ በአንድ «አይዞሽ» አስዘጋኋት። ምን እንደሆነች እንኳን አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር ሳነብና ስጠይቅ ቆየሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን የተማርኩት ነገር ለብዙ ሰው ይጠቅማል ብዬ ስለማምን በቀላል ቋንቋ ላካፍላችሁ። የጓደኛዬን ታሪክ በፈቃዷ ነው የምጽፈው፤ እንዳትታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

ወፍጮው ሲዞር

ማሰብና ሐሳብ ማብዛት አንድ አይደሉም። ማሰብ መጨረሻ አለው። ነገ ቤት ኪራይ አለብኝ፣ ከማን ልበደር፣ እሺ ከወንድሜ፣ አለቀ። ሐሳብ ማብዛት ግን እህል ሳይገባበት እንደሚዞር ወፍጮ ነው። ድምፁ አለ፣ ልፋቱ አለ፣ ዱቄት ግን የለም። ድንጋዩ ራሱን ይበላል። «ለምን እንዲህ አደረግሁ?»፣ «ምን ይሉኝ ይሆን?»፣ «እንዲህ ቢሆንስ?»፣ ከዚያ እንደገና «ለምን?»።

ሰው ይህን የሚያደርገው ወዶ አይደለም። ስለዚህ «አታስቢ» ማለት ማስነጠስ የያዘውን ሰው «አታስነጥስ» እንደማለት ነው። እንዲያውም ይብስበታል። ድሮ ጭንቀቱ ብቻ ነበር። አሁን «ለምን ማቆም አቃተኝ? ደካማ ነኝ ማለት ነው» የሚል ሁለተኛ ጭንቀት ይጨመርበታል።

ሰውነትም አብሮ ይዞራል። አእምሮ አደጋ አለ ብሎ ሲያስብ ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ልብ ይመታል፣ ትከሻና አንገት ይጨመደዳል፣ ሆድ ይረበሻል። እውነተኛ ጅብ ቢሆን ሮጠን እናመልጥና ሰውነታችን ይረጋጋል። ሐሳቡ ግን አልጋ ላይ አብሮን ስለሚተኛ የት ይሸሻል? ለዚህ ነው ብዙ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ጨንቆኛል» የማይለው። «ራሴን ይወጋኛል»፣ «ደረቴን ይጫነኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ጨጓራዬ ነው» ይላል። ተመርምሮ «ምንም የለብህም» ሲባል ደግሞ ግራ ይገባዋል። ሕመሙ እኮ እውነት ነው። የተፈለገው ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው ያልተገኘው።

በሐራሬ ጓሮ ያለው አግዳሚ ወንበር

የዚምባብዌ ሰዎች በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ። ትርጉሙ ሐሳብ ማብዛት ነው። እንደኛው። እዚያ የተጀመረ አንድ ሥራ አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)። በዚያ ዓመት መንግሥት በዋና ከተማዋ በሐራሬና በሌሎች ከተሞች ሕገ ወጥ ናቸው ያላቸውን ቤቶችና ጉሊቶች አፈረሰ። የተባበሩት መንግሥታት መልእክተኛ ግምት እንደሚለው 700,000 ያህል ሰው ቤቱን ወይም መተዳደሪያውን አጣ። አገሪቱ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። የአእምሮ ሐኪሞቿ ግን ወደ አሥር ገደማ ብቻ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ዲክሰን ቺባንዳ ይባላል።

በዚያው ዓመት ቺባንዳ ይከታተላት የነበረች አንዲት ወጣት ቀጠሮዋ ላይ ሳትመጣ ቀረች። በኋላ የሰማው ራሷን እንዳጠፋች ነው። ለምን እንዳልመጣች ሲጠይቅ ቤተሰቧ የአውቶቡስ መሳፈሪያ እንዳልነበራቸው ነገሩት። ይህን ታሪክ በአደባባይ ደጋግሞ ተናግሮታል። ሆስፒታል ቁጭ ብሎ በሽተኛ መጠበቅ እንደማይበቃ የገባው ያኔ ነው።

ወደ ምባሬ ሄደ። ምባሬ ሐራሬ ውስጥ ያለ ድሃና የተጨናነቀ ሠፈር ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሶቹ ሥራ በዝቶባቸዋል፣ ክፍልም የለም ተባለ። የተሰጡት 14 አያቶች ነበሩ። በሠፈራቸው የጤና ሥራ በፈቃደኝነት የሚያግዙ እናቶች ናቸው። ቦታም አልነበረም፤ የተገኘው ጓሮው ነው። ስለዚህ በ2006 ከዛፍ ሥር የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተደረገ።

መጀመሪያ «የአእምሮ ጤና ወንበር» ብለው ሰየሙት። ማንም አልተቀመጠበትም! ማን ነው በሠፈሩ ፊት «አእምሮዬን አሞኛል» ብሎ የሚቀመጥ? አያቶቹ ናቸው ያዳኑት። ስሙ ይቀየር አሉ። በሾና «ቺጋሮ ቼኩፓናማዛኖ» ተባለ፤ ሐሳብ የምንለዋወጥበት ወንበር እንደማለት ነው። በዓለም የታወቀው «የወዳጅነት ወንበር» ተብሎ ነው። «ድብርት» የሚለውን የሐኪም ቃልም ትተው «ኩፉንጊሲሳ» ብለው ያወሩ ጀመር። ያኔ ሰው መጣ።

ከዓመታት በኋላ ይህ በጥናት ተፈተነ። ውጤቱ በ2016 መጨረሻ በአሜሪካ ትልቅ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ አያቶቹ ጋር እስከ 6 ጊዜ ተቀመጡ። ግማሾቹ ደግሞ በተለመደው መንገድ፣ እንዲያውም ከተለመደው በተሻለ፣ በነርስ ታዩ፤ ካስፈለገም መድኃኒት ተሰጣቸው። ከ6 ወር በኋላ ከሁለተኞቹ ግማሽ ያህሉ አሁንም የድብርት ምልክት ነበራቸው። ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ግን ከ100 ሰው 14 ያህሉ ብቻ። ይህን ቁጥር ሳነብ ደጋግሜ ነው ያየሁት። አያቶቹ ለጥናቱ የሠለጠኑት ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር።

አያቶቹ ምን ያደርጋሉ?

ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው በሾና «ኩቩራ ፕፉንግዋ» ይባላል፤ አእምሮን መክፈት ነው። ሰውየው ያወራል፣ አያቷ ትሰማለች። አትቸኩልም። ሰውየው ሲጨርስ የሰማችውን በራሷ ቃል ትመልስለታለች። «እንዲህ ነው ያልከኝ፣ ልክ ነኝ?» ትለዋለች። ችግሮቹ በዝርዝር ይወጣሉ። አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚያ ነው ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ያለው። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ብቻ ይመረጣል። የሚመርጠውም ባለጉዳዩ ነው።

እንበል አንዲት እናት መጣች። ባሏ ሥራ ፈቷል። የሦስት ወር ቤት ኪራይ አለባት። ልጇ ክፍያ ስላልተከፈለለት ከትምህርት ቤት ተመልሷል። እናቷ ገጠር ታማለች። ከአማቷ ጋር ተጣልታለች። ወገቧን ያማታል። እኛ ብንሆን የምንመርጥላት ኪራዩን ነው። እሷ ግን «ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ልጄ ቤት መዋሉ ነው» ልትል ትችላለች። በቃ፣ የተመረጠው እሱ ነው። ከዚያ ምን ምን ማድረግ እንደሚቻል ይወራል። መፍትሔውን የምታወጣው ራሷ ናት። አያቷ ጥያቄ ትጠይቃለች። መጨረሻ ላይ አንድ የተቆረጠ ነገር ይዛ ትሄዳለች። «ችግሬን እፈታለሁ» አይባልም። «ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሬ ክፍያውን በሁለት ጊዜ እንድከፍል እንዲፈቅድልኝ እጠይቃለሁ» ነው የሚባለው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሰውየው የታወቀ ነገር።

ቀጣዮቹ ሁለት «ኩሲሙድዚራ» እና «ኩሲምቢሳ» ናቸው፤ ማንሣትና ማጠንከር እንደማለት። ተመልሳ ትመጣለች። ተሳካ? እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቀጥሎስ? አልተሳካም? ምን ገጠመሽ፣ ሌላ ምን ይሞከር? ተቆጪ የለም። በመጨረሻም በዚያ ወንበር ላይ ያለፉ ሰዎች የሚገናኙበት ማኅበር አለ። «እጅ ለእጅ እንያያዝ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አለው። እዚያ ያወራሉ፤ እያወሩም ከተጣለ ፕላስቲክ ቦርሳ ይሠራሉ፤ ይሸጡታል።

ለምን ይሠራል? እኔ እንደተረዳሁት ወፍጮውን በሁለት በኩል ስለሚይዘው ነው። ስድስቱ ችግር ጭንቅላት ውስጥ ሲዞር አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ነው፤ ሲነገር ግን ስድስት ይሆናል። ስድስት ነገር ይቆጠራል። ሁለተኛው፣ የተጨነቀ ሰው «ልቤ ሲረጋጋ እነሳለሁ» ይላል። የሚሆነው ግን በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ይሠራል፤ ስሜቱ ዘግይቶ ይከተላል። ለዚህም ነው እርምጃው እስኪያስቅ ድረስ ትንሽ የሚሆነው። ትልቅ ቢሆን አይጀመርም።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ተመሳሳይ የአምስት ቀጠሮ ዘዴ አውጥቷል። ባለሙያ ያልሆነ የሠለጠነ ሰው የሚሰጠው ነው። ትንፋሽ ማረጋጋት፣ አንድ ችግር መርጦ መፍታት፣ ወደ ትናንሽ ሥራዎች መመለስና ከሰው ጋር ያለን ትስስር ማጠናከር ነው ይዘቱ። ሌላ አገር፣ ሌላ ቋንቋ፣ ግን ጉዳዩ ያው ነው።

እኛስ?

የሐራሬን ታሪክ ሳነብ «ይሄ እኮ እኛ ጋ ነበር» አልኩ። በእርግጥም አለ። ለአንድ ዓይነት ሐዘን ግን ነው።

ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ አስቡት። እድሩ ድንኳን ይጥላል። ወንበሩና ድስቱ ይመጣል። ጎረቤት እንጀራ ይጋግራል። ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ሰው ገብቶ ምንም ሳይናገር ይቀመጣል፤ ተቀምጦም «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል። ማንም «ሐሳብ አታብዢ» አይልም፤ እንዲያውም አልቅሺ ነው የሚባለው፣ ይውጣልሽ ነው የሚባለው። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘን በየደረጃው ሰው ከቦት ያልፋል። ከዚህ የተሻለ የነፍስ እንክብካቤ ማን ያውቃል?

ግን ሬሳ የሌለበት ሐዘንስ? የፈረሰ ትዳር ድንኳን አይጣልለትም። ከሥራ የተባረረ አባት ለልጆቹ ሲል ጠዋት ጠዋት ለባብሶ ይወጣል። ፅንስ የወረደባት ሴት በሦስተኛው ቀን ቡና ታፈላለች። ለመውለድ ዓመታት የሞከረች ሴት ክርስትና ተጠርታ እልል ትላለች። ጅዳ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የእናቷን ሞት በስልክ ትሰማለች። መርዶ ነጋሪ የለም፣ አቅፎ የሚይዛት የለም። ዓይኗን አጥባ ወደ ማዕድ ቤት ትመለሳለች። እነዚህ ሁሉ ሐዘኖች ናቸው። ሰው የማይቀመጥላቸው ሐዘኖች።

ቡና አለን አይደል? አዎ አለን። ሦስት ስኒ የሚያህል ጊዜ ለጎረቤታችን እንሰጣለን። አቦል ላይ ሰው እንግዳ ነው። ቶና ላይ ይላላል። በረካ ላይ የልቡን ያወጣል። ችግሩ ሌላ ነው። ገበና የምንለው ነገር አለ፤ ይሉኝታም አለ። ዛሬ ቡና ላይ የነገርኩት ነገ ሦስት ቤት ያድራል ብሎ ሰው ይፈራል። ፍርሃቱም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የሐራሬ አያቶች ያላቸው አንድ ትልቅ ሀብት ይሄ ይመስለኛል፤ ወንበሩ ሜዳ ላይ ነው፣ የተባለው ግን እዚያው ይቀራል። ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ያለው ሰው ሀብታም ነው።

እንዴት እንስማ?

እያንዳንዳችን ለአንድ ሰው ያ ወንበር መሆን እንችላለን። ሥልጠና ባይኖረንም የሚቻል ነገር አለ።

«አይዞህ»ን ትንሽ እናዘግየው። ቃሉ መልካም ነው። ሲቀድም ግን በር ይዘጋል። ሰውየው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ሲመጣ ክብደቱ ሌላ ነው። በእሱ ፋንታ «እስኪ ንገሪኝ» ማለት ይበቃል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ማለት ይቻላል። ከዚያ ዝም። ዝምታው ይከብደናል፤ ለመሙላት እንጣደፋለን። ተናጋሪው ግን በዝምታው ውስጥ ነው ቀጣዩን ቃል የሚፈልገው።

«እኔም እኮ…» ብለን የራሳችንን ታሪክ አንጀምር። «አንቺ ይሻልሻል፣ እከሊት እኮ…» ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። የሰው ሐዘን በሰው ሐዘን አይለካም። ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ አላህ ማውራትም ጥሩ ነው፤ ብዙዎቻችንን ያቆመን እምነታችን ነው። ግን «ለእግዜር ስጪው» ሲባል አንዳንዴ «ለእኔ አትንገሪኝ» ማለት ይሆናል። መጀመሪያ እንስማ፣ ከዚያ አብረን እንጸልይ።

እና ከመለያየታችን በፊት አንድ ጥያቄ አለ። «ከዚህ ሁሉ በጣም የሚከብድሽ የቱ ነው? ለእሱስ በዚህ ሳምንት ምን ትንሽ ነገር ማድረግ ትችያለሽ?» ከዚያ ወዲያ የሚጠበቅብን ተመልሶ መደወል ነው። መደወሉን አንርሳ።

ብቻችንን ስንሆን

ሰው በማይገኝበት ሌሊትም የሚረዱ ቀላል ነገሮች አሉ። ቶሎ ልጥቀሳቸው።

ለጭንቀት ቀጠሮ መስጠት አንዱ ነው። በየቀኑ፣ ለምሳሌ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ 20 ደቂቃ ደብተር ይዞ መቀመጥና የሚያስጨንቀውን ሁሉ መጻፍ። ሌሊት ሐሳቡ ሲመጣ «ቀጠሮህ ነገ 11 ሰዓት ነው» ይባላል። አትምጣ ብትለው አይሰማም፤ ቆይተህ ና ስትለው ግን ብዙ ጊዜ ይሰማል። ትንፋሽ ደግሞ አለ። ቀስ ብሎ አስገብቶ፣ ከገባበት አስረዝሞ ማስወጣት። ረዥሙ አወጣጥ የልብ ምትን ያረጋጋል። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

እንቅልፍ ላጣ ሰው ትልቁ ነገር የመነሻ ሰዓት ነው። መቼም ይተኛ መቼ፣ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት። አልጋ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ተገላብጦ እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነስቶ ደብዘዝ ባለ ብርሃን መቀመጥ፣ ሲያንቀላፋ መመለስ። ከማታው ቡና ጋርም እንስማማ። የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የጠጣነው ቡና እኩለ ሌሊት ላይም አብሮን አለ። ጫትማ ከዚህም ይብሳል።

ወንበሩ የማይበቃበት ጊዜ

ሐዘንና ድብርት አንድ አይደሉም። ሰው አዝኖም ይስቃል፣ ልጁን ሲያይ ልቡ ይሞቃል። ድብርት ላይ ያም ይጠፋል። ከሁለት ሳምንት በላይ፣ አብዛኛውን ቀን ስሜቱ የወደቀ፣ ይወደው የነበረው ሁሉ ያስጠላው፣ እንቅልፉና ምግቡ የተዛባ፣ «ሸክም ነኝ» የሚል ሰው ባለሙያ ያስፈልገዋል። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ወይም ሰዎች ሊጎዱኝ ነው እያለ የሚሸሽ ሰው ደግሞ ቶሎ መታየት አለበት።

አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። በዚህ ምክንያት ስሙ ራሱ መስደቢያ ሆነ። በጣም ያሳዝነኛል፤ ስንቱ ሰው ስሙን ፈርቶ ሕመሙን ደበቀ። ዛሬ አገልግሎቱ በሌሎች ሆስፒታሎችና በብዙ ጤና ጣቢያዎችም አለ። በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ ለዓመታት የተሠራ ሥራ እንዳሳየው፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች እንኳን በቅርባቸው ማከም ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በአቅራቢያ ያለውን ጤና ጣቢያ መጠየቅ ነው።

የድብርት መድኃኒት ወዲያው አይሠራም። ለውጡ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ብዙ ሰው «ምንም አልረዳኝም» ብሎ በአሥረኛው ቀን ይተወዋል። ሐኪም ሳያማክሩ ድንገት ማቆምም ጥሩ አይደለም። ጸበል የሚሄድ ሰውም መድኃኒቱን መተው የለበትም። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ግን ሳልለው አላልፍም። የምትወዱት ሰው መኖር ያስጠላው ከመሰላችሁ በግልጽ ጠይቁት። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ማለት ሐሳቡን አያመጣበትም። ብዙ ጊዜ እፎይ ነው የሚያሰኘው፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ጠየቀው። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር አርቁ፣ አብራችሁም ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ወደ ጓደኛዬ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። «ያን ቀን አልሰማሁሽም፤ ዛሬ ልስማሽ» አልኳት። ቡናው ሳይፈላ ማልቀስ ጀመረች።

ታናሽ ወንድሟ በሊቢያ በኩል ወጥቶ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ 8 ወር ሆኖታል። ሞተ እንዳይባል ማንም አላየም። አለ እንዳይባል ድምፁ የለም። እናቷ ፊት ማልቀስ አትችልም፤ ተስፋ የቆረጠች ይመስላል። መሳቅም አትችልም፤ የረሳችው ይመስላል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስታ ፌስቡክ ላይ የስደተኞችን ፎቶ አንድ በአንድ ታያለች። ፓውሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ባለሙያ በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታ ለእንዲህ ያለው ያልተቋጨ ሐዘን ስም ሰጥታዋለች። ከሐዘኖች ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው ትላለች፤ መጨረሻ የለውምና። አንድን ሰው እንዳለም እንደሌለም አድርጎ በልብ መያዝ ይቻላል፣ የግድ አንዱን መምረጥ የለብንም ትላለች። ይህን ስነግራት ጓደኛዬ ለረዥም ጊዜ ዝም አለች። «እብድ አይደለሁማ» አለች በመጨረሻ።

ከሁሉ የሚከብድሽ የቱ ነው ብዬ ጠየቅኋት። የጠበቅሁት «አለመምጣቱ» እንድትል ነበር። «ምንም እያደረግሁ አለመሆኔ» አለችኝ። ምን ማድረግ እንደሚቻል አብረን አሰብን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የጠፉ የቤተሰብ አባላትን የማፈላለግ አገልግሎት አለው። ማክሰኞ ጠዋት ሄደን ፎርሙን ሞላች። ፎቶውን፣ የወጣበትን ቀን፣ መጨረሻ የደወለበትን ከተማ ጻፈች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሁለተኛውን እርምጃ ራሷ ጨመረችው፤ ማታ ስልኩን ሳሎን ትቶ መተኛት።

እስካሁን ከወንድሟ የመጣ ነገር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና አብረን እንጠጣለን፤ ስሙንም እንጠራዋለን። ትንሽ ልጅ ሆኖ ዶሮ ያባረረበትን ቀን ነገረችኝና ሁለታችንም ሳቅን። ሌሊት አሁንም ትነቃለች። ግን ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን እስከ 11 ሰዓት ተኝታለች።